የሁሉ ቁልፍ፣ የማንም ጥፋት



በዚህ ግድግዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ስለ ጥናት ዘዴ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ስፖርት ውድድርና ስለ መሳሰለው ነው። እኛ የኮምፒዩተር ክበብ አባላት ግን ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ ራሳችን ጥፋት ለመጻፍ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር በማሠልጠኛችን ስለተፈጠረው የተሳሳተ ደብዳቤ ብዙ ተወርቷል። ከተወራው ውስጥ ግማሹ ልክ አይደለም። ልክ ያልሆነውም የአንድ ወንድማችንን ስም አጉድፏል። በመሆኑም እውነቱን ከሥሩ አውጥተን ማስረዳት ግዴታችን ነው። እግረ መንገዳችንንም ከነገሩ የተማርነውን እንናገራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተግባር ልምምድ ክፍል አንድ የኢሜይል ሣጥን አለው። ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲመደቡ የምደባው ደብዳቤ፣ የመነሻው ቀንና ከየትምህርት ቤቱ የሚመጣው አስተያየት የሚመላለሰው በዚሁ ሣጥን ነው። የክፍሉ ጸሐፊ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ በአንድ እየጻፉ ሲልኩ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅባቸው ነበር። በጥቅምት ወር ጠሩንና «ልጆች፣ ኮምፒዩተር እናውቃለን ትሉ የለ? እስቲ አንድ መላ አምጡ» አሉን። እኛም የልባችን ደረሰ።

ከመካከላችን የሦስተኛ ዓመት ሠልጣኝ የሆነው ወንድማችን በፓይተን ቋንቋ አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ የስም ዝርዝሩን ከኤክሴል ሠንጠረዥ ያነባል፤ በየስሙ ደብዳቤ ያዘጋጃል፤ ከዚያም ወደ ሣጥኑ ገብቶ ይልካል። የሁለት ቀን ሥራ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲያልቅ አይተን አጨበጨብን። ጸሐፊዋም «እደጉ፣ ተመንደጉ» ብለው መረቁን።

ያን ጊዜ ማናችንም ስድስተኛውን መስመር ልብ አላልነውም። እዚያ መስመር ላይ የሣጥኑ የይለፍ ቃል ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ነበር። ፕሮግራሙን በፍላሽ ስንቀባበል የይለፍ ቃሉም አብሮ ይሄዳል። በዚህም ላይ እንዳንረሳው ብለን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ከኮምፒዩተሩ ስክሪን ጥግ ለጥፈነዋል። አሥራ አንድ አባላት ነን፤ ቁልፉም በአሥራ አንዳችን እጅ ነበረ። «የጋራ አይደል እንዴ! ምን ችግር አለው?» እንል ነበር።

አሁን ወደ የካቲት እንሂድ። የመጀመሪያው መንፈቅ አልቆ ሠልጣኞች ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሄደዋል። የሦስተኛ ዓመት ሠልጣኞች ለልምምድ የሚነሡት ሰኞ የካቲት 24 ቀን እንደሆነ በማስታወቂያ ተነግሯል። ሰኞ የካቲት 10 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ግን ለ41 ሠልጣኞች ከተግባር ልምምድ ክፍል ሣጥን አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። «መኪናው ሐሙስ ጠዋት በ12 ሰዓት ይነሣል፤ የቀረ ሠልጣኝ ምደባው ይሰረዛል» ይላል። ቀን የለውም። ሐሙስ ብቻ ነው። ያነበበ ሁሉ የዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል?

በከተማው አካባቢ ያሉት ስልክ ደውለው ስሕተት መሆኑን ሰሙ። ዘጠኝ ሠልጣኞች ግን ሳይሰሙ ተነሡ። ከእነርሱ አንዷ ከቤቷ እዚህ ድረስ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። እናቷ ታመው ስለነበር እያስታመመች ሳለች ነው ደብዳቤው የደረሳት። የመሳፈሪያ ገንዘብ ከጎረቤት ተበድራ፣ እናቷን ለታናሽ ወንድሟ አደራ ብላ መጣች። ረቡዕ ማታ ስትደርስ የሴቶች ማደሪያ ተቆልፏል። የበሩ ጥበቃ ጋሼ «ልጄ፣ እዚህ ሜዳ ላይ አታድሪም» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዷት፤ ከልጆቻቸው ጋራ አደረች።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ክበባችን ክፍል መጣች። ሦስት አራት ሆነን ተቀምጠናል።

«ይህን ደብዳቤ ማነው የጻፈልኝ?» አለች፤ ስልኳን እያሳየች።

«ከክፍሉ ሣጥን ነው የወጣው» አልናት።

«ሣጥን አይጽፍም። ማነው የጻፈው?»

«እኛ... እኛ ነን የምንልከው፤ ግን ይህን አላክንም» አልን።

«እናንተ ማን?»

መልስ አልነበረንም። ማናችንም ዋሽተን አይደለም፤ የምር አናውቅም ነበር። እርሷም ጥቂት ቆማ አየችንና «እናቴን ጥዬ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች። ያን ቀን ምሳ ለመብላት ወደ ካፌ የሄደ ከእኛ ማንም የለም።

ዓርብ የካቲት 14 ቀን ስብሰባ ተጠራ። የሣጥኑ የተላኩ ደብዳቤዎች ማኅደር ተከፈተ። ደብዳቤው አለ። ላኪው ማነው? የተግባር ልምምድ ክፍል። ማን ገብቶ ላከው? የተግባር ልምምድ ክፍል። ሣጥኑ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀውን። ያ ሰው ደግሞ አሥራ አንድ ፊት ነበረው። ጸሐፊዋ ሲጨመሩ አሥራ ሁለት።

«ፕሮግራሙን የጻፈው ማነው?» ተባለ። ሁላችንም ወደ ወንድማችን አየን። እርሱም ተነሥቶ «ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን ግን አላክሁም» አለ። ሌላ ማረጋገጫ ምን ያቅርብ? ባዶ እጁን ነው። ጉዳዩ እስኪጣራ ከክበቡ ሥራ እንዲታገድ፣ ከልምምዱም መኪና እንዲቀር ተወሰነ። እኛ በዚያ ስብሰባ ላይ «ቁልፉ በሁላችንም እጅ ነው፤ እርሱን ለይቶ መጠየቅ ትክክል አይደለም» ብለን መነሣት ነበረብን። አልተነሣንም። እያንዳንዳችን ሌላው ይናገራል ብለን ጠበቅን። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚባለው እንደዚህ ያለው ነው። ግለ ሒስ ካደረግን አይቀር ከደብዳቤው ይልቅ የሚያሳፍረን ይህ ዝምታችን መሆኑን እዚህ ላይ እንመዘግባለን።

በዚያው ዓርብ የሣጥኑ የይለፍ ቃል ተለወጠ። ፕሮግራሙም በሁላችንም ዘንድ ሥራ አቆመ። ሰኞ የካቲት 24 ቀን መኪናው ሲነሣ ወንድማችን ሻንጣውን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ጓደኞቹን ሸኘ።

ማክሰኞ የካቲት 25 ቀን ጠዋት የኮምፒዩተር መምህርታችን የአሮጌዎቹን ኮምፒዩተሮች ክፍል ሲከፍቱ፣ በማዕዘኑ ያለው ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ጥቁር መስኮቶች ተደራርበው አገኙ። በሁለቱም ላይ ቁጥር 535 ተጽፏል። ይህ ቁጥር በኢሜይል አላላክ ሕግ «የመግቢያ ማስረጃህ ትክክል አይደለም» ማለት ነው። አንደኛው መስኮት የካቲት 17፣ ሁለተኛው የካቲት 24፤ ሁለቱም ሰኞ፣ ሁለቱም ከምሽቱ 2 ሰዓት።

ያኔ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። በጥቅምት ወር ፕሮግራሙን ስንለማመድ ከመካከላችን አንዱ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ገልብጦ፣ በየሰኞው ማታ 2 ሰዓት በራሱ እንዲነሣ አድርጎት ነበር። ለሙከራ ብሎም የእውነተኛ ሠልጣኞችን ዝርዝር አስገባ፤ «ሐሙስ ጠዋት መኪናው ይነሣል» የሚል የፈጠራ ደብዳቤም ጻፈ። ሊልከው አላሰበም። ኮምፒዩተሩ በዚያው ሳምንት ተበላሽቶ ለጥገና ሄደ፤ ነገሩም ተረሳ። ኮምፒዩተሩ ተጠግኖ የተመለሰው ሰኞ የካቲት 10 ቀን ነው። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን፣ ተነሥ የተባለው ፕሮግራም ተነሣ። የይለፍ ቃሉን ይዟል፤ ላከ። ማንም ክፉ አላሰበም። ዘጠኝ ሰው ግን ተንገላታ፤ አንድ ሰው ስሙ ጠፋ።

ያ ገልብጦ የረሳው ሰው ከእኛ አንዱ ነው። ለኃላፊዎች በራሱ ፈቃድ ቀርቦ ተናግሯል። ይህንንም ጽሑፍ ከእኛ ጋራ ተቀምጦ ጽፏል።

ወንድማችን ሐሙስ የካቲት 27 ቀን በሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍሮ ወደ ተመደበበት ትምህርት ቤት ሄደ። በማግሥቱ መምህርታችን ሰበሰቡንና እንዲህ አሉ፤

«ልጆች፣ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ጠረጴዛ ላይ ጥሎ የሚሄድ ጸሐፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«አይ፣ ቲቸር። ይቆለፍበታል።»

«እናንተ ግን አሥራ አንድ ማኅተም አስቀርጻችሁ በየኪሳችሁ ይዛችሁ ነበር። አንዱንም አሮጌ ኮምፒዩተር ኪስ ውስጥ ረሳችሁት። የሣጥኑ የጋራ መሆን ምንም አላጠፋም። ያጠፋው ቁልፉ የጋራ መሆኑ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።»

ቀጥለውም ከማደሪያችን በር ምሳሌ አመጡ። ለጋሼ ጥበቃ የመውጫ ወረቀት እናሳያለን። ወረቀቱን የሚጽፈው ኃላፊው ነው። በላዩ ላይ የሠልጣኙ ስም፣ የሚወጣበት ምክንያት፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ በግርጌውም ፊርማና ማኅተም አለ። ጋሼ ጥበቃ የሠልጣኙን ምሥጢር ማወቅ አያስፈልጋቸውም። ፊርማውን ያያሉ፣ ሰዓቱን ያያሉ፣ ያሳልፋሉ። ሰዓቱ ካለፈ ወረቀቱ ተራ ወረቀት ነው።

በኮምፒዩተሩ ዓለም ቶክን የሚባለው ይኸው ነው። በአማርኛችን የይለፍ ቃል የምንለውን እናውቃለን፤ ቶክንን ደግሞ የይለፍ ወረቀት ብንለው አንሳሳትም። የይለፍ ቃል ዘላቂ ነው፣ ሁሉን ይከፍታል፣ ማን እንደተናገረው አይለይም። የይለፍ ወረቀት ግን ለማን፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ የሚሉትን ሦስት ነገሮች ይዞ ይወጣል። ወረቀቱን የሚሰጠው ክፍልና ደብዳቤውን የሚቀበለው ክፍልም የተለያዩ ናቸው። ኃላፊው በቢሮው፣ ጥበቃው በበሩ እንደማለት ነው።

«ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ከመጀመሪያው ለምን እንዲህ አልተሠራም?» ብለን ጠየቅን። መልሱ በኢሜይል ታሪክ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል በመረብ አማካይነት የመጀመሪያውን መልእክት ሲልክ፣ የሰውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም ለመለየት ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን ክብ ምልክት መረጠ። ጆን ፖስተል እ.ኤ.አ. በ1982 ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. የተባለውን የመላኪያ ደንብ ሲያወጣ፣ በደንቡ ውስጥ ላኪውን «ማነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ክፍል አልነበረም። ተጠቃሚው ጥቂት ነበር፤ መተማመንም ነበር። የላኪው ማንነት በስምና በይለፍ ቃል የሚጣራበት ተጨማሪ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የእኛ ፕሮግራም ስድስተኛ መስመር የዚያ ዘመን ልጅ ነው ማለት ነው።

ኦውዝ 2.0 የሚባለው የይለፍ ወረቀት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ የኢሜይል አቅራቢዎች ወደዚሁ አዘነበሉ። ጉግል ፕሮግራሞች በግለሰብ ሣጥን ውስጥ በዋናው የይለፍ ቃል ብቻ እንዲገቡ የሚፈቅደውን አሠራር ከግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አቆመ። ማይክሮሶፍትም ለመሥሪያ ቤቶች በሚሰጠው ኢሜይል ደብዳቤ የሚነበብባቸውን በሮች ከመስከረም 21 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥቶ ለይለፍ ቃል ብቻ መዝጋት ጀመረ። እኛ ገና በጥቅምት 2017 የይለፍ ቃል በኮድ ውስጥ ስንጽፍ፣ ዓለም ትቶት እየሄደ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርን። መጀመሪያ የተለወጠው ሣጥኑ ራሱ ነው። ቀድሞ የነበረን አንድ ተራ ሣጥን ለብዙ ሰው ነበር። አሁን በማይክሮሶፍት አሠራር የጋራ ሣጥን የሚባለው ተከፈተ። የጋራ ሣጥን ማንም በይለፍ ቃል በቀጥታ የሚገባበት አይደለም። የተፈቀደለት ሰው በራሱ ስም ገብቶ ነው በሣጥኑ የሚሠራው። አላላኩም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «እንደ ሣጥኑ» መላክ ሲሆን ተቀባዩ የሚያየው የሣጥኑን ስም ብቻ ነው። ሁለተኛው «ስለ ሣጥኑ» መላክ ነው፤ ተቀባዩ «እከሌ ስለ ተግባር ልምምድ ክፍል» የሚል ያያል። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። ለምን እንደመረጥን መናገር አያስፈልግም፤ የዚያች እኅታችን ጥያቄ ከጆሯችን አልጠፋም።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ በማሠልጠኛው የኮምፒዩተር ኃላፊ ዘንድ ተመዘገበ። እንደ ሰው መለያ ቁጥር ተሰጠው። ሥልጣኑም ተወሰነ፤ ደብዳቤ መላክ ብቻ። ማንበብ የለም፣ መሰረዝ የለም። እዚህ ላይ መምህርታችን አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሰጡን። ፕሮግራም ሰው በሌለበት በራሱ እንዲሠራ ከተፈለገ በራሱ ስም ቶክን ሊሰጠው ይችላል። የመላክ ፈቃድ በዚህ መልክ ሲሰጠው ግን ኃላፊው ለይቶ ካልገደበው በስተቀር በመሥሪያ ቤቱ ባለው በማንኛውም ሣጥን ስም መላክ ይችላል። በዲኑም ስም፣ በሒሳብ ክፍሉም ስም! ብዙ ሰው «ቶክን አደረግሁ፣ ተገላገልሁ» ብሎ ይህን ይዘነጋል። በመሆኑም ወይ ፈቃዱን በአንድ ሣጥን ላይ መገደብ፣ ወይም ሰው ባለበት ማሠራት ያስፈልጋል። እኛ ሰው ባለበት ይሁን አልን። ማታ 2 ሰዓት በራሱ የሚነሣ ነገር ለጊዜው በቃን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተረኛው ፕሮግራሙን ሲያስነሣ የመግቢያ ገጽ ይከፈታል። ገጹ የኢሜይል አቅራቢው እንጂ የእኛ አይደለም። ተረኛው የራሱን የይለፍ ቃል እዚያ ይጽፋል፤ በስልኩም «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ያረጋግጣል። የእኛ ፕሮግራም ይህን ቃል ፈጽሞ አያየውም። የሚደርሰው ቶክኑ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ሲልክ ከፊቱ «ቤረር» የሚል ቃል ጽፎ ቶክኑን ያያይዛል። «ቤረር» ያዥ ማለት ነው። ተቀባዩ ክፍል ፊርማውን፣ ሰዓቱንና ፈቃዱን መርምሮ ይቀበላል። በዚህ መንገድ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፍ ምሥጢር የለም። ፍላሹ ቢጠፋ የሚጠፋው ፍላሽ ነው።

ስንለማመድ መውደቃችን አልቀረም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቶክን ወስደን፣ ምሳ በልተን፣ ከሰዓት በኋላ በዚያው ቶክን ብንልክ ቁጥር 401 መለሰልን። የማይክሮሶፍት ቶክን በተለምዶ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። የመውጫ ወረቀታችን ሰዓት አልፎበታል። በሌላ ቀን አዲስ ተረኛ ገብቶ ሲሞክር 403 መጣ። ልዩነቱ ምንድን ነው? 401 «ማን እንደሆንህ አላረጋገጥህልኝም» ነው። 403 «ማን እንደሆንህስ ዐውቄአለሁ፤ ይህ ሥራ ግን አልተፈቀደልህም» ነው። ልጁ በጋራ ሣጥኑ ላይ ገና ፈቃድ አልተሰጠውም ነበር። በመጨረሻ 202 ሲመጣ ደግሞ «ደረሰ!» ብለን ጮኽን። መምህርታችን ሣቁና «202 ተቀብያለሁ ማለት ነው እንጂ ለባለቤቱ አድርሻለሁ ማለት አይደለም። ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስላስገባችሁ ሰውየው አነበበ ማለት ነው?» አሉን። ከዚያ ወዲህ ከ202 በኋላ ተመላሽ ደብዳቤ መኖር አለመኖሩን ሳናይ አንነሣም።

አንድ ሌላ ጥፋትም እንናገር። ከእኛ አንዱ ፕሮግራሙ እምቢ ሲለው ስሕተቱን ከነቶክኑ ገልብጦ በቴሌግራም ቡድናችን ለጠፈው። ቶክን ረጅምና ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ስለሚመስል ምሥጢር አይመስልም። ነገር ግን ቤረር ያዥ ማለት ነው ብለናል። መንገድ ላይ የወደቀ የመውጫ ወረቀት ያነሣ ሰው በዚያ ወረቀት ሊወጣ እንደሚችል ሁሉ፣ ቶክኑን የያዘ ሁሉ ሰዓቱ እስኪሞላ ይገለገልበታል። አንዴ ከወጣ በኋላ ከሰዓቱ በፊት መሻሩም አስቸጋሪ ነው። ቶሎ ደመሰስነው፤ ያን ቀን የቀረውን ደቂቃ ግን እያየን ነው ያሳለፍነው። ስለዚህ የይለፍ ወረቀት ተአምር አይደለም። ጥፋትን ያሳጥራል፣ ባለቤቱንም ያሳውቃል እንጂ ከጥንቃቄ አያድንም።

ለሙከራም የእውነተኛ ሰው አድራሻ መጠቀም አቁመናል። የሙከራ ዝርዝራችን ላይ ያለው የራሳችን የአሥራ አንዳችን አድራሻ ብቻ ነው። ከተሳሳትን እርስ በርሳችን እንሳሳት። የመነሻ ቀን በሚጻፍበት ደብዳቤ ሁሉ ላይም ዕለቱ ብቻ ሳይሆን ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ካልተሟላ ፕሮግራሙ «አልክም» ይላል። ይህን መስመር የጨመረው ያ በጥቅምት ወር ገልብጦ የረሳው ልጅ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ሁሉ ለኮምፒዩተር ክበብ ብቻ የሚሆን ትምህርት መስሎ እንዳይታያችሁ። ነገ ተመርቀን ወደየወረዳው እንበተናለን። በምንሄድበት ትምህርት ቤት ኢሜይል ላይኖር ይችላል። የጋራ ነገር ግን በየትም አለ። የመጻሕፍት ክፍሉ ቁልፍ፣ የፈተና ወረቀት የተቀመጠበት ቁም ሣጥን፣ የውጤት መዝገብ፣ ማኅተም። አንድ ቀን የአንድ ተማሪ ውጤት ከመዝገቡ ላይ ተሳስቶ ይገኛል። ልጁም አባቱን ይዞ ይመጣና «ማነው የጻፈው?» ይላል። «እኛ መምህራን» ብለን እንመልሳለን? «እኛ» ማለት መልካም ቃል ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏል፤ ሥራችንን በኅብረት መሥራታችንን አንተውም። ሆኖም ሥራው የጋራ ሲሆን ፊርማው የየግል ይሁን።

እኅታችን ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት አንብባዋለች። እናቷ ተሽሏቸዋል። የተበደረችውን የመሳፈሪያ ገንዘብ አሥራ አንዳችን አዋጥተን ስንሰጣት አልቀበልም ብላ ነበር፤ ጋሼ ጥበቃ ለምነውልን ተቀበለች። «ለሌሎቹ ስምንትም ጻፉላቸው፤ በስማችሁ» አለችን። ጽፈናል። ከየደብዳቤው በላይ «እከሌ ስለ ተግባር ልምምድ ክፍል» የሚል አለ፤ የላከውም ሰው ስም ይታያል።

ለወንድማችን ደግሞ የምንለው አለን። በዓርቡ ስብሰባ ላይ ከአሥር አፍ አንዱም ስላንተ አልተከፈተም። ይቅርታ አድርግልን። ያን ቀን በአዳራሽ ውስጥ በሰው ፊት ስላልተናገርን፣ ዛሬ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ እንናገራለን። ደብዳቤውን አንተ አልላክህም። ከልምምድ ስትመለስ የክበቡ ሥራ ይጠብቅሃል። ስድስተኛው መስመር ግን ባዶ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ አሥራ አንዳችንም አንድ በአንድ ስማችንን ጽፈን ፈርመናል። ጥያቄ ያለው ሰው «እናንተ ማን?» ሳይል በስማችን ጠርቶ ይጠይቀን።

ከኮምፒዩተር ክበብ አባላት